«በእኛ ዘር የለም» ያልኩ ቀን

ይህ የሆነው ካቻምና በነሐሴ ነው። በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ። ከደጋ ወርጄ ቆላ ላይ ጫካ መንጥሬ ቤት ሠርቻለሁ፤ ባሌን ቀብሬአለሁ፤ በወባ ሦስት ጊዜ ከሞት አፋፍ ተመልሻለሁ። እንደዚያ ሰሞን ግን ራሴን ፈርቼ አላውቅም።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እየነገርኩት የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህሩ ነው። «እማማ፣ ይህን እኮ ብዙ ሰው ያነበዋል፤ ይጻፍ ወይ?» ብሎ ደጋግሞ ጠይቆኛል። ይጻፍ ብያለሁ።

አለሚቱ እባላለሁ። የምኖረው ቋራ፣ ከገለጉ ወጣ ብሎ ነው። በሕይወት ያለ አንድ ልጅ አለኝ፤ ፈንታሁን ይባላል። ገንዳ ውሃ ተቀምጦ ትራክተር ይነዳል። ሚስቱ ስንታየሁ የጎጃም ልጅ ናት። ከወንድሞቿ ጋር ለሰሊጥ አረም ወርዳ ሳለች ነው ያወቃት። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚመጡትን ሠራተኞች እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን። ሥራው ሲያልቅ ወደየአገራቸው ይመለሳሉ። እሷ ሳትመለስ ቀረች።

ያን ጋብቻ አልወደድኩትም ነበር። እናት አባቷን አላውቅ፣ መንደሯን አላውቅ። «ዘሯ የማይታወቅ» እላት ነበር። በሌለችበት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እየሰማችኝም እል ነበር።

ልጃቸው ብርቱካን ሁለት ዓመት ሲሞላት ከጆሮዋ ሥር ሽምብራ የሚያህል ነገር ወጣባት። ንፍፊት ነው፣ ጥርስ ስታበቅል ነው ተባለ። ሽምብራው ግን እየበዛና እያደገ ሄዶ በሁለቱም ወገን ተደረደረ። በአራት ዓመቷ አንገቷ ከፊቷ ይሰፋ ነበር። የሚገርመው አያማትም። ትሮጣለች፣ ትስቃለች፣ ዶሮ ታባርራለች።

ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ኪኒን ተሰጣት፤ ምንም የለም። ከዚያ የእጢ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒት ዋጠች። ስንታየሁ አንድ ቀን አላሳለፈችባትም። እብጠቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ጣፊያዋ አበጠ። እኛ አገር ጣፊያ ሲያብጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈራው ካላዛርን ነው። ተመረመረች፤ የለባትም ተባለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ምን አደረግሁ? በአንድ ፋሲካ ቤታቸው ሄጄ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እየበላ፣ አንዲት ሴትዮ «ይህቺን ልጅ ምን ነካት?» ብላ ጠየቀች። እኔ ቀደም ብዬ «እኔ ምን አውቃለሁ? በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም አያውቅ። የእናቷን ወገን ጠይቁ» አልኩ።

ስንታየሁ ልጅቷን አዝላ ወደ ጓሮ ወጣች። እስክሄድ ድረስም አልተመለሰችም።

ውሸቴን ነበር። በእኛ ቤት ታይቷል። ያየሁትም እኔ ነኝ።

የተወለድኩት ደንቢያ ነው። ዋሴ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። አንገቱ ልክ እንደ ብርቱካን ነበር፤ ሆዱም በግራ ጎኑ ድንጋይ የያዘ ይመስል ጠንካራ ነበር። እኔም ትንሽ ትንሽ ነበረብኝ፤ ሳድግ ጠፋ። እናቴ ሰው እንዳያየው አንገታችንን በሻሽ ትጠቀልልልን ነበር። የእናቴ ወንድምም በልጅነቱ እንዲሁ እንደነበረ ስታወራ ሰምቻለሁ። ዋሴ በሰባት ዓመቱ ከዋርካ ላይ ወደቀ። የወደቀው ከሰው ቁመት አይበልጥም። ተነሥቶ ቆመ፤ ትንሽ ሄደ፤ ከዚያ ሆዴን አለ። በዚያው ቀን ሞተ።

ልዳር ስል እናቴ ለብቻዬ ጠራችኝ። «ባንቺ ላይ አልቀረም፤ ጠፍቷል። ለባልሽም ለሰውም አትንገሪ። በዘራቸው ደዌ አለ ከተባለ እህቶችሽን የሚያገባቸው የለም» አለችኝ። በማርያም አስማለችኝ።

ፈንታሁን ሲወለድ ስሙን ያወጣሁት በዋሴ ፈንታ ብዬ ነው። ለባሌ ይህንንም አልነገርኩትም። ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው አንገቱ አበጠ። እኔም እንደ እናቴ ሻሽ አወጣሁ። ጥርሱ ነው፣ ብርድ ነው እያልኩ አሳደግሁት። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው እብጠቱ እየሟሸሸ ሄዶ ጠፋ። ተመስገን ብዬ ዘጋሁት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ካቻምና በክረምቱ ብርቱካን ነጣች። አፍንጫዋ ይደማል፤ ትንሽ ሲነካት ሰውነቷ ይበልዛል። ጎንደር ወሰዷት፤ ሆስፒታል ተኛች። ከአንገቷ እጢ ቆርጠው ወስደው መረመሩ።

አንድ ረቡዕ ስንታየሁ ደወለችልኝ።

«እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዶክተሯ አንድ ነገር ጠይቃን ነበር። ከቤተሰባችሁ በልጅነቱ እንዲህ ያበጠ ሰው ነበር ወይ አለችን። እኔ ወንድሞቼ ዘንድ ደውዬ አጣራሁ፤ በእኛ በኩል የለም። ፈንታሁንም የለም ብሏል። በእርስዎ በኩልስ?»

የእናቴን ፊት አየሁ፤ ያንን ፋሲካ አየሁ።

«በእኛ ዘር? በእኛ ዘር የለም» አልኳት።

«እሺ እማማ» አለች። ድምፅዋ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ልንወስዳት ነው። የሚሰጣት መድኃኒት ከባድ ነው አሉ። ደሟ ስለደከመ ላትችለው ትችላለች። ካልወሰደችም ደግሞ...»

ከዚያ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ ትሁን አላወቅሁም።

ስልኩን እንደያዝኩ ደጅ ካለው የገመድ አልጋ ላይ ቁጭ አልኩ። የማስበው አንድ ነገር ነበር። ልጄ ይህንኑ ይዞ አድጓል። ማንም መድኃኒት አልሰጠውም፤ ዛሬ ትራክተር ይነዳል። ካንሰር ቢሆን ኖሮ እንዴት ይተርፍ ነበር? ይህንን የሚያውቅ ሰው ከሰማይ በታች እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ ሞታለች። ባሌ ሞቷል፤ እሱም አያውቅም ነበር። እኔ ዝም ካልኩ ዕውቀቱ ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ፣ ልጅቷ የማይገባትን መርዝ ልትጠጣ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ኔትወርክ ሳይቆራረጥ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። ፈንታሁን አነሣ።

«እማ፣ ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ።»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ምሳ በላችሁ ወይ?»

«ገና ማለዳ ነው እኮ፣ እማ።»

«እንግዲያው ብሉ» ብዬ ዘጋሁት።

መምህሩ ይህን ሲጽፍ ሳቀ። እኔንም አሁን ያስቀኛል። ያኔ ግን ከጉብታው ስወርድ በስልክ እንደማልችለው ገባኝ። የልጁን ፊት ሳላይ፣ ስልኩን መዝጋት እየቻልኩ፣ ይህ ነገር ከአፌ አይወጣም። መሄድ ነበረብኝ።

ነሐሴ ላይ ከእኛ አገር መውጣት ቀልድ አይደለም። ዋልካው መኪና አያሳልፍም። መኳንንት የሚባል የሰፈራችን ሰው ነዳጅ ሊያመጣ በትራክተር ወደ ገንዳ ውሃ ሊሄድ መሆኑን ሰምቼ ዓርብ በማለዳ ደጁ ቆምኩ።

«እማማ፣ በዚህ ጭቃ የት ሊሄዱ ነው? ስልክ አይደውሉም?» አለኝ።

«ደውዬ ነበር። ስልክ የማይችለው ነገር ነው» አልኩት።

ተሳቢው ላይ ጆንያ አነጠፈልኝ፤ ከባዶ በርሜሎች መካከል ተቀመጥኩ። ማሽላው ከሰው በላይ ደርሶ ነበር፤ ከግራና ከቀኝ እሱ ብቻ ነው የሚታየው። ተሳቢው ሲዋጥ ወርደን በእግራችን እንሄዳለን፤ ሲወጣ እንሳፈራለን። እንዲህ ስንል ወንዙ ዘንድ ደረስን። ሞልቷል። መኳንንት አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ዛሬ ትራክተሩ አይሻገርም። ነገም እንጃ። እንመለስ እማማ።»

«አንተ ተመለስ» አልኩት።

ከወንዙ ዳር አረማቸውን ጨርሰው የሚመለሱ ሳሉጎች ነበሩ። ገመድ ዘርግተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊሻገሩ ነው። ሄጄ ከመካከላቸው ቆምኩ። አንዱ ጎልማሳ አየኝ፤ ዱላዬን ተቀብሎ ለጓደኛው ሰጠና ክንዴን ያዘ።

«ውሃውን አይዩት እናቴ። ማዶ ያለውን ዛፍ ይዩ» አለኝ።

ውሃው ወገቤ ደረሰ፤ ከዚያ ደረቴ። አንድ ቦታ እግሬ መሬት ለቀቀ። ሰውየው በብብቴ አንሥቶ ያዘኝና «ዛፉን፣ ዛፉን!» እያለ ይጮህብኛል። ዛፉን አየሁ። ማዶ ስንደርስ ነጠላዬን ጨምቆ ሰጠኝ።

«የየት አገር ሰው ነህ?» አልኩት።

«የጎጃም።»

እዚያው ከጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ውሃው አስደንግጧት ነው ብሎ «አይዞዎት፣ አለፈ እኮ» ይለኛል። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ተለያየን። ከማዶ ወደ ገንዳ ውሃ የሚመለስ አይሱዙ አገኘሁ፤ ጋቢና ውስጥ አስገቡኝ። ከፈንታሁን ጎረቤት አደርኩና ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ጎንደር ሄድኩ።

ሆስፒታሉ ደርሼ የሕፃናቱን ክፍል እስካገኝ ብዙ ዞርኩ። ብርቱካን በመስኮት በኩል ካለው አልጋ ላይ ተቀምጣ የሐኪም ጓንት በአየር ነፍተውላት ዓይንና አፍ ሥላለት ትጫወታለች። ፊቷ እንደ ወረቀት ነው። አየችኝና «አያቴ፣ ቀሚስሽ ጭቃ ነው» አለች።

ስንታየሁ ብድግ አለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ባየኋት ቁጥር ካስቀየምኳት በኋላ፣ ብድግ አለችና ወንበሯን ለቀቀችልኝ። «እማማ! በዚህ ክረምት በምን መጡ?» አለች።

«ዶክተሯ የት ናት?» አልኩ።

ዶክተሯ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ እግር ሴት ናት። ለብቻችን እንነጋገር አልኳት። ትንሽ ክፍል አስገብታ አስቀመጠችኝ። ፊቷን ሳላይ መሬት መሬቱን እያየሁ ነገርኳት። የዋሴን፣ የራሴን፣ የአጎቴን፣ የፈንታሁንን። ስጨርስ ብዕሯ ቆሟል።

«ልጅዎ መድኃኒት አልወሰደም? ምንም?»

«ምንም።»

«በስንት ዓመቱ ጠፋ?»

ነገርኳት። ጻፈች። ከዚያ «እማማ፣ ይህን ወላጆቿ ያውቃሉ?» አለች።

«አያውቁም። አንቺ ንገሪልኝ።»

አየችኝና «እኔ ሕመሙን እነግራቸዋለሁ» አለች። «ይህን ግን እርስዎ ነዎት የሚነግሯቸው። ያን ሁሉ መንገድ የመጡት ለእኔ ብለው አይመስለኝም።»

ልክ ነበረች።

ፈንታሁን ወረቀት ሊያስፈርም ሄዶ ነበር፤ ጠበቅነው። ሲመጣ ሦስታችንም ትንሿ ክፍል ገባን። ዶክተሯ በር ላይ ቆመች። ለሐኪም ከመናገር ይልቅ ለልጅ መናገር እንዴት እንደሚከብድ ያኔ አየሁ። «ጥርስህ አልነበረም» ብዬ ጀመርኩ።

ፈንታሁን አልገባውም። «ምኑ?»

«አንገትህ። በሻሽ የምጠቀልልህ። ጥርስህ አልነበረም። ብርቱካን የያዛት ነው። ከእኔ ነው። ከእናቴ ወገን ነው።»

እጁ ሳያውቀው ወደ አገጩ ሥር ሄደ። ከልጅነቱ ጀምሮ የማያየውን ነገር የሚፈልግ ይመስል ዳበሰው። «ዶክተሯ ስትጠይቀኝ የለም አልኳት እኮ» አለ። «እማ፣ የለም አልኳት እኮ።» ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ስንታየሁ ግን አየችኝ። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«እኔን ‹ዘርሽ› ሲሉኝ ይህን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ረቡዕ ዕለት ስጠይቅዎትም?»

«አውቅ ነበር።»

ወጣች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። እኔም ተነሥቼ ልከተላት አሰብኩ፤ ግን ምን እላታለሁ? ቁጭ አልኩ። ብዙ ቆየች። ዶክተሯ ፈንታሁንን አስተኝታ ሆዱን ዳሰሰች፤ ጣፊያው ዛሬም ከጎድን አጥንቱ በታች ይዳሰሳል አለች። እሱ ወባ ያሳበጠው ይመስለው ነበር።

በሩ ሲከፈት ስንታየሁ ናት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷን ታጥባለች። አጠገቤ ቆመችና «ይነሡ እማማ» አለች። «ደም ሊወስዱብዎት ነው። ክንድዎ ጭቃ ነው፤ ይምጡ ልጠብዎት።»

ወስዳ አጠበችኝ። ጠንከር አድርጋ ነው ያሸችኝ፤ አላየችኝም።

ዶክተሯ ያን ቀን ካንሰር አይደለም ብላ አልማለችም። «ይህ ግን ነገሩን ይለውጠዋል። ሳይጣራ ያ መድኃኒት አይጀመርም» አለች። ረጅም ደብዳቤ ጻፈች። ሰኞ አዲስ አበባ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። የብርቱካን፣ የፈንታሁንና የእኔ ደም ውጭ አገር ተላከ። ብርቱካን እስከዚያው ደሟን የሚያነሣ ሌላ ኪኒን ጀመረች። መልሱ የመጣው ጥር ላይ ነው።

ካንሰር አይደለም። ስሙን ነግረውኛል፤ ምላሴ አይይዘውም። ከዘር የሚወረስ፣ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው አሉ። የጎንደሯ ዶክተር እንዲህ ብላ አስረዳችን፦ ሰውነታችን ውስጥ በሽታ ሲመጣ የሚዋጉ የደም ሕዋሳት አሉ። በሽታው ሲያልፍ መሞትና መቀነስ አለባቸው። በእኛ ዘር ግን አንዷ ትእዛዝ ተበላሽታ ስለምንወለድ አይቀንሱም፤ አንገት ውስጥና ጣፊያ ውስጥ ይከማቻሉ፤ ሥራ ሲያጡም የራሳችንን ደም መብላት ይጀምራሉ። «እናንተ አገር ሠራተኛው አጨዳ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄድ የለ? ሳይሄድ ካምፑን ቢሞላው እንደማለት ነው» አለች።

ስንታየሁ ቀና ብላ «እኔም ሳይሄዱ ከቀሩት ነኝ» አለች። ዶክተሯ ደነገጠች። መጀመሪያ የሳቀው ፈንታሁን ነው፤ ከዚያ እኛም። ከነሐሴ ወዲህ ሦስታችን አብረን ስንስቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ዶክተሯ ጣፊያዋን አደራ አለች። በቀዶ ጥገና መውጣት የለበትም፤ ሆዷንም ማንም እንዳይመታት፣ ከከፍታም እንዳትወድቅ አለች። ያን ጊዜ የዋሴን አወዳደቅ ነገርኳት።

«ጣፊያው ፈንድቶ ይሆናል። ያበጠ ጣፊያ በትንሽ ነገር ይፈነዳል» አለች።

ሃምሳ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። እናቴ ጎረቤታችንን በቡዳ ጠርጥራ እስክትሞት ድረስ ሰላም አላለቻትም። እኔም በልጅነቴ በዚያች ሴትዮ ደጅ ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር። አሁን ሁለቱም አፈር ሆነዋል። ይቅርታ የምለው ሰው የለም።

ብርቱካን ዛሬ ደኅና ናት። አንገቷ ሟሽሿል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ኪኒኗን በየቀኑ ትውጣለች፤ በየሦስት ወሩ ጎንደር ትታያለች። ሲያድጉም ክትትሉ አይቋረጥም ብለውናል። ለፈንታሁንም ነው፤ ለእኔም ነው። ትምህርት ቤት ገብታለች። መምህሯ በጨዋታ ላይ እንዳትገፋ ይጠብቃታል።

ታናሽ እህቴ ደንቢያ አለች። ነገርኳት፤ ልጆቿን አስመርምሪ አልኳት። «ሴቶች ልጆቼን ማን እንዲያገባቸው ነው? እናታችንን በመቃብሯ አዋረድሻት» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ አታነሣልኝም። አልፈርድባትም፤ እኔም እንዲያ ነበርኩ። ግን በየሰንበቱ እደውላለሁ። ይህንንም ያስጻፍኩት አንድ ቀን ከልጆቿ አንዷ እጅ ይገባ ይሆናል ብዬ ነው።

ዶክተሯ «ዘር ጥፋት አይደለም፤ ራስዎን አይውቀሱ» ትለኛለች። ዘሩስ ጥፋቴ አይደለም። የሚከነክነኝ ሌላው ነው። ረቡዕ ዕለት ስንታየሁ ስትጠይቀኝ «አለ» ብል አንዲት ቃል ነበረች። እሷን ለማለት ወንዝ መሻገር ነበረብኝ።

ዘንድሮ ለመስቀል ገንዳ ውሃ ሄጄ ነበር። ስንታየሁ ነፍሰ ጡር ናት። ሊወለድ ያለው ልጅም ሊወርስ ይችላል፤ ላይወርስም ይችላል፤ እኩል ዕድል ነው ብለዋታል። ፈንታሁን ሥራ ውሎ ነበር፤ ብርቱካን ደጅ ናት። ሁለታችን ብቻ ቤት ቀረን። እሷ የልጅ ልብስ ታጥፍ ነበር።

«እማማ፣ ይቅር ብዬዎት እንደሆነ አላውቅም» አለችኝ። «አንዳንድ ቀን ብያለሁ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያ ፋሲካ ይመጣብኛል።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«እሱን ቆይተን እናየዋለን። አሁን ግን ይንገሩኝ። ፈንታሁን ሕፃን ሳለ መጀመሪያ የታየበት የቱ ጋ ነው? ስንት ወሩ ነበር? ትኩሳት ነበረው ወይ? ወንድምዎስ? ሁሉንም ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ። ከጆሮው ሥር፣ በግራ በኩል ብዬ ጀመርኩ።